ባቲ፣ ሰኞ፣ ስለት ተራ

ሰባት መቶ ብሬን በነጠላዬ ጫፍ
ሦስቴ ቋጥሬ መጣሁ፣ ባቲ፣ ስለት ተራ፤
ከጨው፣ ከግመሉ፣ ከወንዱ ስጋፋ
ያየኝ ይጠይቃል፦ "ይቺ ምን ልትሠራ?"

ጊሌው ተደርድሯል፣ ወገቡን በነሐስ ታጥቆ እንደ ሙሽራ፤
ነጩ የፋብሪካ ቢላ "ፊትሽን እይብኝ" ይላል ሲያበራ፤
ገጀራ፣ ምሳር፣ ማጭድ፣ የበግ መሸለቻ፤
"የቱን ልስጥሽ እትዬ? ለድግስ ነው ወይስ ለአዲስ ጎጆ ጉልቻ?"

ለክፉ ቀን፣ አልኩት።
ሳቀ ልጅ እግሩ ሻጭ፣ ሳቀ ከነጓዱ፤
"ለክፉ ቀንማ ይኸው ረጅሙ፣ ይኸው ባለ ክንዱ!"

እሱ ክፉ ቀን ሲባል የሚታየው ጠብ ነው፣
አንድ አፍታ መዞ መቆም።
እኔ የማውቀው ክፉ ቀን ሥራ ይበዛዋል፤
ገመድ መበጠስ፣ ጭራሮ መመልመል፣ ከልጅ እግር እሾህ ማውጣት፣
አልመሽ ሲል ደግሞ አንዱን ቂጣ ለሰባት።

ከወርጌሳ በወጣን ሌሊት
ይመር፣ ነፍሱን ይማረውና፣
የአባቱን ጎራዴ ከግድግዳው አወረደ፤
እኔ ልጅ አዘልኩ።
ሰገባው ያማረ፣ ስለቱ የዛገ፤
ሦስት ቀን ትከሻው ላይ ዋለ፣ አንድ ሽንኩርት ሳይከትፍ፤
በአራተኛው ቀን ሐይቅ ዳር
በሁለት ጣሳ ሽምብራ ለወጥነው።
ይመር ሽምብራውን አልቀመሰም።

የያዘችን ካራ ነች፤
እጀታዋ ተሰብሮ በጨርቅ የጠመጠምኳት፣
ከመቀነቴ ስር ረስቻት የቀረች ጎመን መቀንጠሻ።
በሷ በለስ ላጥን፣ በሷ የጆንያ አፍ ፈታን፣
በሷ ከመኪና ጎማ ጫማ ቀደድን፤
ወንዙን የተሻገርን ለት ዘሀራ ምጥ ሲይዛት
እሳት ውስጥ አግብቼ አግዬ፣ አብርጄ፣
እትብት ቆረጥኩባት።
ልጅቱ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገባች።
ካራዋ ግን አለቀች፤ ተስላ ተስላ
እንደ ጥፍር ቀጥና፣ አንድ ቀን ድንች ላይ ቀረች።

ከተራው ጫፍ፣ ለብቻው፣ ሽማግሌው አበጋዝ ተቀምጧል።
ማንም አጠገቡ አይነግድም፤
ዓይኑን ይፈሩታል፣ የእጁን ይገዙታል።
የፋብሪካውን ቢላ በጥፍሬ መታሁት፣ ጣሳ ጣሳ አለ፤
የሱን ጥቁር ካራ መታሁት፣ ድምፁ ሄደ፣ ቆየ፣ እንደ ቃጭል።
"ከምንድን ነው ጋሼ?"
"ከባለስትራ ነዋ! የኤንትሬ መኪና፣ ሃርቡ መታጠፊያ ላይ የወደቀ።
አርባ ዓመት ኩንታል ተሸክሞ ጎንበስ ቀና ያለ ብረት
መታጠፍ እንጂ መሰበር አያውቅም፤ ሰውም ቢሆን እኮ…"
"ዋጋውን ንገረኝ" አልኩት።

ካራ አራት መቶ። ማጭድ መቶ ሰባ።
ምሳሩን በዓይኔ መዝኜ ተውኩት፤ ምሳር ጎረቤት አለው፣ ጎረቤት ካለ።
በቀረው ሞረድ።
ቋጠሮው ባዶ ሲሆን አየና
"በምን ልትሳፈሪ ነው?" ብሎ ሃምሳዋን መለሰልኝ።

በዚያ ሌሊት ተስዬ ነበር፤
ለግሸን ጧፍ፣ ለሸሁ ጀበና ሙሉ ማር፤
ልጆቹ ከደረሱ ብዬ። ደረሱ።
ያንን ስለት እስከ ዛሬ አልከፈልኩም፣
ይሄን ስለት ግን ከፈልኩ፣ በእጅ በእጅ።
እመቤቴ ትታገሰኛለች፣ ሸሁም አዋቂ ናቸው፤
ክረምት ግን አይታገስም።

ደጋን ኬላ ላይ አወረዱን።
ፈታሹ ወታደር ከማዳበሪያው ስር ካራዋን አወጣ፤
"ይሄ ለምንሽ ነው?"
"ለሽንኩርት።"
በአውራ ጣቱ አግድም ዳሰሳት፣ እንደሚያውቅ ሰው፤
ወደኔ አየ፣ ወደ መንገዱ አየ፣
ጨርቋን መልሶ ጠቀለለላት።
"ሞረድስ ይዘሻል?" አለኝ።