ተሸንፎ በአውቶቡስ

ከአቃቂ ወንዝ ማዶ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣
ጆንያ ፋብሪካ ነበር፣ ሲነጋ ጮሆ የሚያስገባ፣
ሲመሽ ጮሆ የሚያስወጣ።
መኪናውን ሊተክል ነው ሰውየው ከስኮትላንድ የመጣ፤
አንገስ ይባላል፤ ቁመቱ ከአምፖሉ ጋር የሚላተም፤
እኛ «አንጋሱ» አልነው፤ እሱም አልተቆጣም።

አባቴ ቱፋ ወዬሳ መኪና ዘይት አጠጪ ነበር፤
ከአንጋሱ ጎን ተንጋሎ መፍቻ እያቀበለ ሲማር፣
ምሳ ላይ፣ በጣት፣ በጥቅሻ፣ በአማርኛ ቁርጥራጭ፦
«እናቴ ጆንያ ፈታይ ነበረች፤ ብናኙ ሳንባ ቆራጭ።
ስመለስ ምክር ቤት ገብቼ ይህንን ነው የምናገር።»
አባቴ «ምክር ቤት» ሲባል የሚያውቀው አጥሩን ነበር።

ሄደ። ዓመት ሳይሞላ ደብዳቤው መምጣት ጀመረ፤
ስድስተኛ ክፍል ነኝ፤ መዝገበ ቃላቱ እኔ ጋ ነበረ።
«ቱፋ፣ የከተማው ምክር ቤት በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ገባሁ፤
የቤት ኪራይ እንዳይጨመር ስጮህ ጉሮሮዬን ላጥሁ።»
ቀጥሎ፦ «ፓርቲዬ ተቆጣኝ።» ቀጥሎ፦ «ፓርቲዬ ታረቀኝ፤
ለፓርላማ ልወዳደር ነው፤ ሚስቴ ሱፍ ልብስ ገዛችልኝ።»

«በሠላሳ አንድ ድምፅ አለፍሁ» ብሎ የጻፈበት ወር
የካቲት ነው፣ ስልሳ ስድስት፤ እዚህም ታክሲ ቆሞ ነበር።
አባቴ ለማኅበሩ፣ ሣጥን ላይ ቆሞ፣ ተናግሮ፣
«የአንጋሱና የእኛ ወር ገጠመ» አለ፣ በጣቱ ቆጥሮ።

ከዚያ ዓመታቱ ከፉ።
በሰባ፣ የቀበሌ ዘቦች አልጋችንን ገልብጠው፣
አሥራ አንዱን ደብዳቤ በጆንያ ቋጥረው፣
«ማነው ይሄ?»
«ሶሻሊስት ነው።»
«የትኛው?»
ለዚህ መልስ የለውም፤ መዝገበ ቃላቱም አልያዘው።
ሦስቱ ጢማሞች ከቀበሌው ግድግዳ ቁልቁል እያዩት፣
በሶሻሊዝም ስም፣ በሶሻሊስት ደብዳቤ አሰሩት።

ሦስት ዓመት ከአራት ወር።
ሲፈታ ጥርሱ ጎድሏል። ውሃ ጠጣ፣ ጫማውን ፈታ፣
«አንጋሱስ?» አለ። አንድ ፖስታ ነበር፣ ሳጥን ውስጥ የከረመ ፖስታ።
«በአራት መቶ ድምፅ ተሸነፍሁ፤ ፓርቲውም ስሜን ሰረዘው።»
አባቴ ተነሣ፣ ተቀመጠ፤ ያ ሁሉ ሣጥን ላይ ያላስፈራው ፈራው፦
«ጻፊ! ማን ወሰደህ በይው። የት ነው ያሰሩህ? ስንቅስ?
ልጆችህ ማን ዘንድ ናቸው? ብርድ ልብስ ይገባል? ልብስ?»

መልሱ በአራተኛ ወሩ መጣ።
«ማንም አልወሰደኝ፣ ቱፋ። ዝናብ ነበር።
ጃንጥላዬን አዳራሹ ውስጥ ረሳሁት።
ያሸነፈኝ ሰውዬ እጄን ጨበጠ፣ መዳፉ ላብ ነበር።
አሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ይዤ ቤቴ ገባሁ።
ሚስቴ ድንች ጠብሳ ጠብቃኝ፣ ቀዝቅዞ ነበር።»

አባቴ ሳቀ። ሳምንት ሙሉ ሳቀ።
ለከሰል ነጋዴው፣ ለዘበኛው፣ ለእድር ጸሐፊው ነገረ፦
«ሰምታችኋል? ተሸንፎ በአውቶቡስ! ድንቹ ቀዝቅዞ ነበረ!»
ሌሊት ግን፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ትራሱን ነክሶ ሲንቀጠቀጥ
ሰማሁት፤ ሳቅ አልነበረም፤ እኔም ተኛሁ፣ ሳልገለጥ።

አንጋሱ ከዚያ በኋላ ብቻውን ሦስቴ ተወዳደረ፤
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ዘጠና፣ መጨረሻ ላይ ሠላሳ ሰባት፤ ሞተ።
ፋብሪካው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሆነ፤ የአንዱ መኪና ሆድ
በቦይ ላይ ተጋድሞ ድልድይ ነው፤ ልጆች ይሻገሩበታል።

እኔም፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ፣
በግሌ ቀርቤ ነበር፤ ምልክቴ መርፌ ቁልፍ።
ሰማንያ ስምንት ድምፅ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጣሁ፤
አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር፤ አንድ ወጣት ተነሥቶ አስቀመጠኝ።
ቶታል ጋ ስወርድ፣ አንድ ሰው አብሮኝ ወረደ።
በረጅሙ መንገድ ዞርሁ፤ ሱቅ ገብቼ ክብሪት ገዛሁ፤
በሬ ላይ ስደርስ ዞሬ አየሁ፤ የለም።

ቆለፍሁ። ቁልፉን ሁለቴ ነካሁት።
ከዚያ ድንች ላጥሁ።