ሦስት ዙር

ካፒቴን ሙርሺድ ወረደ፤
በሩን ዘጋ፣ ክንፏን እንደ በቅሎ ዳሌ መታ መታ፣
«ሦስት ዙር፤ ከዚያ ሻይ» አለና ሄደ በዝግታ።

ራስ አል ኸይማ ገና ጎህ ነው፤
ሙቀት አየሩን ሳያሳሳ፣ አቧራው ሳይነሳ ከደጃፍ፣
ጉልበት ሰጠኋት።
ብድግ አለች፣ ሳትደርስ ገና አስፋልቱ ጫፍ።
ሰማንያ ኪሎ ጎድሏታል፤
«ቀኝ እግርሽን!» የሚል ቁጣም ጎድሏታል።

ጨው ሜዳው፣ ማንግሮቩ፣ ጀልባ የሰነጠቀው ባሕሩ፣
ከዚያ ሰፈሩ።
አሥራ አራተኛው ፎቅ፦ ሦስት ዓመት የወለወልኩት መስኮት፣
ከውስጥ ብቻ፤
«ውጭውን ተይው፣ ትወድቂያለሽ» የተባልኩበት።

ሌላው መስኮት ሁሉ በጠዋት ፀሐይ ዓይን እስኪያጥበረብር ሲያበራ፣
እሱ ብቻ ድብዝዝ አለ፤
ውጭው ቆሽሿል ለካ።

ሁለት ዙር ይቀረኛል፤
ክንፏን አዘነበልኩ ወደ ግራ።