የሰው ኮት

ሙሐረቅ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ሊፍቱ ከተበላሸ የከረመ ፎቅ ላይ፣
እማ ሙዛ መድኃኒቷን ከዋጠች በኋላ
አንድ ፊልም እናያለን። ያንኑ፣ ማታ ማታ፤
ጥቁርና ነጭ፣ ጭረቱ እንደ ካፊያ የሚወርድበት።
እኔ ሁለት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እስከ መሃሉ።
ለእሷ ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ ነው።

አንድ ሰው ወደብ ላይ ወድቆ ያገኙታል፣
ስሙን ሲጠይቁት አፉ ይከፈታል፤
ድምፅ የለም።
ኮቱ ኪስ ውስጥ የፀጉር ቤት ደረሰኝ፣
ደረሰኙ ላይ የሰው ስም።
አንዲት ሴት መጥታ «ባሌ ነው» ትላለች፣
ሌላዋ አየት አድርጋ ፊቷን ታዞራለች።
ዳኛው ኮቱን ያነሣል፦ «ያንተ ነው?»
ሰውየው እጅጌውን ያጠልቃል። ልክ ነው።
ልክ መሆኑ ነው ያስፈራው።

እማ ሙዛ እዚህ ጋ ስትደርስ ታለቅሳለች።
«ምስኪን!» ትላለች። ዞር ብላ ደግሞ፦
«አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»
«ነጅላ ነኝ» እላለሁ።
ነጅላ ልጇ ነበረች፤ በሃያ ዓመቷ የሞተች።
ዶክተሩ «እሺ በያት» ብሎኛል፤
እሺ ማለት ደግሞ ሥራዬ ነው።

እኔም ኮት ለብሻለሁ።
ከሚሴ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ጓሮ፣ ደላላው
ፎቶዬን ለጠፈ፤ ስድስት ዓመት ዕድሜ በነጻ መረቀልኝ።
«ከዛሬ ጀምሮ ሙፈሪያት ሰዒድ ነሽ።»
አጠለቅሁት።

በሙፈሪያት ታመምኩ፣ በሙፈሪያት ዳንኩ፣
በሙፈሪያት ፈርሜ ደሞዝ ተቀበልኩ፣
የእናቴን መርዶ እንኳ ስልኩን አንሥቼ፣
«ሙፈሪያት ነኝ» ብዬ ነው የሰማሁ፣ ረስቼ።
ስምንት ዓመት።
አገርሽ የት ነው ሲሉኝ በሆዴ እላለሁ፦
ስሜን ጥዬው መጣሁ ገና ውርጭ ሳይለቀው፣
ስሜን ያልኖረበት እንዴት አርጎ ሊያውቀው።

ያለፈው ሐሙስ መብራት ጠፋ።
ሰውየውን ኮቱን እንደለበሰ ጨለማ ዋጠው።
ወበቅ። ከባሕሩ የሚመጣ የዝገት ሽታ።
«ማን ነሽ?» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ።
ጨለማው ይሁን፣ ነገ እንደማታስታውሰው ማወቄ፣
(ከእሷ የተሻለ ሣጥን የት አገኛለሁ?)
«ትርንጎ» አልኳት።
ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ዝም አለች። ከዚያ አፏ ውስጥ እያገላበጠች፦
«ትሩንጅ?...
አባቴ ጉድጓዱ አጠገብ ተክሎት ነበር። ቅርፊቱ ወፍራም።
ሉል ጥለቃ ከርሞ ሲመለስ፣ ከንፈሩ በጨው ተሰንጥቆ፣
ከእኛ በፊት እሱን ነበር የሚያሸተው።»
እጄን ስባ አሸተተችው።

በማግስቱ ነጅላ ነበርኩ።
ቁርስ ግን አልበላ አለች። መስኮቱ ጋ ቆማ፣
መኪና የሚቆምበትን አስፋልት በጣቷ እያሳየች፣
«ዛፉን ማን ቆረጠው?» ትላለች። «ማን ቆረጠው?»
የምመልሰው ጠፋኝ።

ዛሬ መታወቂያ ላድስ ሄድኩ።
ልጁ ከስክሪኑ ቀና ሳይል፣ «ሙፈሪያት ሰዒድ?»
ጣቴን መስታወቱ ላይ አሳረፍኩ፤
አረንጓዴ በራ። ልክ ነው።

የፊልሙን መጨረሻ እስካሁን አላየነውም።
እሷ እንቅልፍ ይጥላታል፣ እኔ አጠፋዋለሁ፤
ሰውየው ኮቱን እንደለበሰ ያድራል።