ጥቁሩ ስንት ሰከንድ ነው?

ለአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለት ስዕል፤
ለሦስት ደቂቃ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስድሳ።
ትርሲት አባዝታ ጨርሳ
እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች፤
«ሦስት ሰው፣ ስድስት ሳምንት» ብላ ሳቀች።

ደብረ ብርሃን፣ የታኅሣሥ ማታ፤
ውርጩ በመስኮቱ ስንጥቅ ሾልኮ
ጣታችንን አንድ ባንድ እየነካ ይቆጥራል፣
አሥሩም መኖራቸውን ይጠራጠራል።
ያለን ላፕቶፕ አንድ፣ እሱም የእዮባብ፤
ባትሪው አርባ ደቂቃ ሠርቶ
ይተኛል፣ ድግስ እንደዋለ ሽማግሌ፣ አፉን ከፍቶ።

መጀመሪያ ያሰብነው ታሪክ ትልቅ ነበር፤
የመንዝ ጭላዳዎች ገደል አፋፍ ተሰይመው፣
ገብስ ሰረቀ የተባለውን መሐል አቁመው፣
ከሳሽ፣ ጠበቃ፣ ጋማው የነጣ ዳኛ . . .
«የአንዱ ጋማ ስንት ፀጉር አለው?» አለች ትርሲት።
ችሎቱ ተበተነ በዚያው ሌሊት።

ቀጥለን የብርድ ልብስ ፋብሪካውን፤
ክሩ የሚያወራ፣ ማሽኑ ሁሉ ጥርስ።
ጥርሱን ቆጥረን እሱንም ተውን።

እዮባብ ነው፣ ጋቢውን ከራሱ ገፎ፦
«ጣርማ በር ላይ ጭጋግ አለ አይደል?
ጭጋግ እኮ ወረቀት ነው፤
ማንም አይስለውም፣ ዝም ብሎ ነጭ ነው።
ሁለት ቢጫ ነጥብ ጣል አድርግበት፣ አይሱዙ መጣ።
ከዚያ ዋሻው። ዋሻው ጥቁር።
ጥቁር ስዕል አይፈልግም!»
ትርሲት ዱቤ እንደሚሰርዝ ባለሱቅ
ከድምሩ ላይ ትቀንስ ጀመር።

እኔ ዝም አልኩ።
የማውቀው አይሱዙ አለ፤
ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ
ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣ።
አባቴ ነው የሚነዳው። ቤት ሲገባ
ቃል እንደ ነዳጅ የሚቆጥብ ሰው።
ልጅ ሆኜ ጋቢናው ውስጥ መሐል አስቀምጦኝ
ዋሻው አፍ ስንደርስ ቴፑን ያጠፋል፤
ጨለማው ሲውጠን ያፏጫል፤
ብርሃን ሲመጣ ያቆማል።
ፉጨቱ የዋሻው ይመስለኝ ነበር፤
ተራራው የሚያፏጭ፣ አባቴ የሚያዳምጥ።
እስከዚያ ማታ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

መምህር ደርብ ዕቅዱን አነበቡ፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩን።
«ጥቁሩ ስንት ሰከንድ ነው?»
«ሰማንያ ገደማ።»
«ሰማንያ! ይኼ ፊልም ነው ወይስ መብራት ኃይል?»
ክፍሉ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን።
«በግምት አይሆንም። ለክታችሁ አምጡ።»

ደወልኩ። ሮቢት ነበር፣ ጭነት እየጠበቀ።
«አባ፣ መኪናው ተጭኖ ዋሻውን ለማለፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?»
«በሰዓት ለክቼው አላውቅም።»
ከበስተኋላው ማዳበሪያ ሲወረወር ይሰማል፣
የጫኝ ስድብ፣ የፍየል ድምፅ።
«ሁለት ጊዜ ተኩል ነው» አለ።
«ምኑ?»
ካርዴ ያለቀ እስኪመስለኝ ቆየ።
«ያው . . . የማፏጨው።»

እዚያው ሆኖ በስልኩ እንዲያፏጭልኝ ለመንኩት።
ሞከረ። እፍ የሚል ትንፋሽ፤ ከዚያ ሳል።
«ፀሐይ ላይ አይመጣልኝም» አለ፣
ዘጋው፣ እንደ ልማዱ፣ ደህና ዋል ሳይል።

ዕቅዱ አሁን በትርሲት ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦
ትዕይንት ሦስት። ጭጋግ። ሁለት ነጥብ።
ትዕይንት አራት። ጥቁር። ስዕል፦ የለም።
ድምፅ የሚለው ሳጥን ባዶ ነው።
የቀረን ስምንት መቶ አርባ፣
ለእያንዳንዳችን በቀን ሰባት።

የሐሙስን ሰባት ረቡዕ ማታ ስዬ አደርኩ፤
የመጨረሻው ላይ የአይሱዙው ጎማ ትንሽ ተንጋዷል፣
ጣቴ በርዶት ነው።
ሐሙስ ጋቢናው ውስጥ ነኝ።
ስልኬ ደረት ኪሴ ውስጥ፣ ቀዩ ነጥብ በርቶ።
ከደብረ ሲና በላይ ጭጋጉ ወረደ፤
ወረቀቱን ማንም አልነካውም።
በመስኮት እያየሁ፣ ምንም እንደማይፈልግ ሰው፣
የአባቴን እጅ እጠብቃለሁ፣
ወደ ቴፑ እስኪሄድ።