እስኪረጋ

አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ቧንቧው ከማክሰኞ ጀምሮ ደርቋል።
እኔ ግን ስክሪኑ ላይ ውሃ አፍስሻለሁ፣
ስልሳ አራት ሞለኪውል ቆጥሬ፤
ጣቴ ሳይረጥብ፣ ሳይርስ ከንፈሬ።

መሐሉ ላይ መዳብ አለ፣
ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው፣ ሁለት ጊዜ የተበደለ።
ስድስት ውሃ ከበውታል፤
አራቱ ተጠግተው፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው፣
ሁለቱ ከላይና ከታች ራቅ ብለው፣
እንደ ተኳረፈ ዘመድ፣
ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ
እንደማይገባ፣ እንደማይሄድ።

ሂስቲዲንን ለቀቅሁበት።
ሽማግሌ አላከም፤ ቀለበቱን ራሱ ይዞ መጣ፣
አምስት ማዕዘን ቀለበት፤
በናይትሮጅኑ በኩል ገባ፣ አንዱን ውሃ ገፍቶ አስወጣ።
ስንት ጉልበት ጠየቀ? ስንት መለሰ?
ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር።

ማሽኑ ያሰላል፣ ይስታል፣ ያርማል።
አርባ ሰባተኛው ዙር ላይ፣ ቁጥሩ ሊረጋ ሲል፣
መብራት ሄደ።
ከቱሪስት ሆቴል እስከ ስድስት ኪሎ ድፍን።
የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ያሉት
መብራት ኃይልን ሳያውቁ የሞቱ ናቸው።

ጋሽ ድልነሳው፣ የሌሊት ጥበቃው፣ በባትሪ መጣ፣
በአንድ እጁ ቢጫ ጀሪካን።
«ልጄ፣ ዛሬም አልረጋ?»
ቃሉን ከእኔ ለምዶታል፤
ስለ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የሚለው።
«አልረጋም፣ ጋሼ።»
«ወደ ቀበና በኩል ውሃ መጥታለች አሉ።
ተረኛው ሲመጣ ልውረድ፤ ላንቺም አመጣለሁ።»

ጀሪካኑን ሊያስቀምጥ ሲያጎነብስ
እጅጌው ተሰበሰበ፤
ለቁርጥማት ያጠለቀው የመዳብ አምባር፣
ከሥሩ ቆዳው ላይ አረንጓዴ መስመር።
የባትሪው ብርሃን እዚያ ላይ ወደቀ፣ ዓይኔም አብሮ።

ላብ። ጨው። በላቡ ውስጥ ሂስቲዲን።
መዳቡ ትንሽ በትንሽ እየተሸረሸረ፣
ውሃው ቦታ እየለቀቀ፣ ናይትሮጅን እየተዘረጋ፣
ያለ ማሽን፣ ያለ መብራት፣
ለካ እኔ የምለፋበት
እዚያ አንጓው ላይ ስንት ዓመት ሲሰላ ኖሯል፤
በየቀኑ ረግቶ፣ በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ።

ሳየው አይቶኝ፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ፈተገው።
«ዝገት ነው» አለ፣ አፈር ብሎ።
«አይደለም» አልኩ፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን
በአማርኛ ፈልጌ አጣሁት።
የመመረቂያ ጽሑፌ በሌላ ቋንቋ ነው።
አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

መብራት መጣ። ማራገቢያው አጉረመረመ።
ያስቀመጥኩት ፋይል ተበላሽቷል፤
ከዜሮ ጀመርኩ፣
መዳቡን መሐል አኖርኩ፣ ውሃውን ዙሪያውን፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

እሱ በሩ ላይ ቆሟል፣
አይገባም፣ አይሄድም።
«ምንድን ነው ታዲያ? አልኩሽ እኮ።»