ጥቁር አረንጓዴ

ከሐረጎ በላይ፣ ከጦሳ ሥር ቤቴ፣
ጉም ነው የሚያንኳኳው ጠዋት በመስኮቴ።
ኦርኪዷን ያመጣች እህቴ ሉባባ
«ውሃ ትንሽ ስጫት፣ ታያለሽ አበባ»
ብላኝ በሚኒባስ ወረደች ኮምቦልቻ፤
ቀረን በክፍሌ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ።

ሦስት ክረምት አለፈ።
ቅጠሏ ሰፋ፣ ረዘመ፣ ጠቆረ፤
የመጣ እንግዳ ሁሉ «ሲያምር!» እያለ ዞረ፤
አበባ ግን አልነበረ።
እኔንም «ጨዋ ናት፣ ከደጅ አትታይም» ይሉኝ ነበረ።

አንድ ቀን ጋሽ ይማም ከለቅሶ ሲመለስ ጎራ አለ፤
ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ቀለም የበጠበጠ፣
ጥፍሩ ሥር እስካሁን ሰማያዊ ያለ።
መነጽሩን ጠረገ፣ ቅጠሏን ወደ መስኮት ቀና አደረገ፤
«ይቺ ተርባለች» አለኝ፤ «ይሄ ወዝ አይደለም፤
የሚበላ ያጣ ቅጠል ነው የሚያጠራቅም ቀለም፣
ጭላንጭል ብትመጣ እንዳታመልጠው ብሎ።»

ተናደድኩ። ማለዳ በካርቶን ጠቅልዬ
ሐረጎን ወረድኩኝ፣ ከጉሙ ነጥዬ፤
ከእህቴ በረንዳ፣ ከቆርቆሮው ጫፍ ሥር
አስቀመጥኳት፣ «ጥገቢ!» ብዬ፣ ከቀትር ጋር።

በሦስተኛው ቀን ጫፏ ቀላ፣ ሐፍረት የያዛት ይመስል፤
በሳምንቱ መሃሏ ነጣ፣ እንደ ወረቀት፣ እንደ ቁስል።
ነካሁት፤ ይፋጃል፣ እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር።
ሉባባ ውሃ ጨመረች፤ በውሃ የሚድን መስሏት ነበር።

ጋሽ ይማም በስልክ፦
«ስትቀላ ‹በዛብኝ› ማለቷ ነው፤ ያኔ ብትሰሚያት ነበረ።
ነጩ ጠባሳ ነው፤ ጨርቅ አይደለ ዳግመኛ አንነክረው።
ከሥር ያለችውን ቢጫ ተያት፤ እርጅና ነው።
እጅሽን ከቅጠሏ በላይ ዘርጊና ጥላሽን እዪው፤
ዳሩ እንደ ቢላ ከተሳለ፣ ፀሐዩ በዝቷል፤
ጥላ ጨርሶ ከሌለሽ፣ ራብ ገብቷል፤
ደብዘዝ ያለ ጥላ፣ ድንበሩ የማይለይ፣
እሱን ስታገኚ፣ አኑሪያት እዚያ ላይ።»

አሁን ደሴ ናት፣ በምሥራቁ መስኮት፣
እሱ የላከውን ስስ ሻሽ ጋርጄላት።
ጉሙ ሲገፈፍ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣
እጄን እዘረጋለሁ በእሷና በፀሐይ መሃል፤
አንዳንዴ ጥላ አለኝ። አንዳንዴ የለኝም።
ቅጠሏ ፈዘዘ፣ ሊበስል እንዳለ ሎሚ።

ጎረቤቴ ጦይባ ትናንት ገብታ አየቻት፤
«ውይ፣ ገረጣችብሽ! ምን አባቷ ነካት?»
አልመለስኩላትም።
ከጠባሳው ቅጠል ብብት፣ እንደ ሕፃን ጥፍር የሾለች
አንዲት ነገር ወደ መስኮቱ ዘንበል ብላለች፤
ሥር ትሁን የአበባ ዘንግ፣ ገና አልለየሁም።