የምድር ቤቱ በር

ሃራላምቢ ስማኝ፣ መስከረም ተጋምሷል፣
ከኒስትሩ ወንዝ ጉም እየተነሣ አጥራችን ደርሷል፣
ጥቁሩ ዘለላ ቆዳው ተወጥሮ፣ ንብ ቀድሞን ቀምሷል።
ቱዶሴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣
«ሽጪው» አለኝ ትናንት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«የፋብሪካው መኪና ከኪሺናው ዓርብ ይመጣል፣ ትገላገያለሽ፤
ባል የሌለው በርሜል ኮምጣጤ ነው ትርፉ፣ ምን ታውቂበታለሽ?»
ምንም አልመለስኩም።
መቀስህን ይዤ ጤዛው እስኪደርቅ ነው የቆየሁት እንጂ፣ ማንንም አልጠበቅኩም።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አብሬህ ስረግጥ፣
አንድ ቀን አልነገርከኝ ከምኑ ምን ያህል፣ መቼ እንደሚገለበጥ።
ከበርሜሉ አጠገብ ማንኪያ ትነክራለህ፣
ቀምሰህ፣ ሻማ ይዤ ወደቆምኩበት ደረጃ ቀና ትላለህ፣
ማንኪያውን ለአጠባ ታቀብለኛለህ
(ሳላጥበው ልሼ ነው፣ ይኼን ታውቃለህ)፣
ትንሽ ዝም ብለህ ወይ «ዛሬ» ወይ «ነገ» ትላለህ።
እኔ ወንፊት አጣቢ፣ ባልዲ አቀባይ ነበርኩ፤
ምስጢሩ በምላስህ ነበር፤ ምላስህን ቀበርኩ።

ቀሚሴን ቋጥሬ ገንዳው ውስጥ ገባሁ፤
ብርዱ ቁርጭምጭሚቴን ሲነክሰው መጀመሪያ ፈራሁ፣
ኋላ ፍሬው በጣቶቼ መሃል እየሾለከ ሲፈርጥ፣ ሳቅ አመለጠኝ፤
የቱዶሴ ምራት በመስኮቷ አየችኝ። ታየኝ!
ተረከዜን የያዘው ቀለም እስከ ገና አይለቅም።
እርሾ አልገዛሁም፣ አንተም ገዝተህ አታውቅም፤
ፍሬው ላይ የሚያርፈው ያ እንደ ዱቄት ያለው ነጭ ትቢያ
ይሁነው አልኩኝ የጥንስሱ ማንቂያ።

በሦስተኛው ሌሊት ከወለሉ በታች ሹክሹክታ ሰማሁ፣
የሚፈላ፣ የሚያጉረመርም፤ ሻማ ለኩሼ ወረድኩ፣ ልየው ብዬ ጓጓሁ።
በቃል ያስተማርከኝ ሕግ አንዲት ብቻ ናት፦
«ሻማው ከጠፋብሽ ተመለሽ፣ ፕሮፊራ፤ ወይኑ አየሩን ጠጥቶታል ማለት።»
አራት፣ አምስት፣ ስድስት።
ሰባተኛው ደረጃ ላይ ነበልባሉ አጠረ፣
ሰማያዊ ሆነ፣ ተንቀጠቀጠና ቀረ።
ጨለማው ሞቃት ነበር፣ የጣፈጠ፣
የሥራ ሸሚዝህን የሚሸት፤ እግሬ አንድ ደረጃ ወደ ታች አመለጠ።
አልዋሽህም፣ ታች ያለህ መሰለኝ።
ከዚያ ያው ቁጣህ፣ ያው «ተመለሽ» ያልከው፣ ከጀርባዬ ጎትቶ አወጣኝ።
በሩን በርግጄ፣ ነፋስ ይግባ ብዬ፣
እስኪነጋ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ኮትህን ደርቤ፣ በነጠላ ጫማዬ።

ፀሐይ የበሩን ጀርባ ስትነካ እርሳስ አየሁ፣
ያ ጠማማ ጽሕፈትህ! መነጽር አመጣሁ።

«ሰባ ዘጠኝ። ዝናብ በዛ። ሦስት በርሜል፣ ቀጭን። ፕ. ማንኪያውን ላሰች፤ ፊቷን ቋጠረች። ሁለት ቀን ይቆይ።»
«ሰማንያ ስድስት። አዋጅ ወጣ፣ ወይኑ ተነቀለ። ከአጥር ሥር የተረፈው አራት ባልዲ። ፕ. ላሰች፤ ዝም። ነገ።»
«ዘጠና ሁለት። ኢሊንካ ተወለደች። ፕ. ላሰች፤ ሳቀች። ዛሬ።»

አርባ አንድ መስመር፤ በሁሉም አለሁበት።
ለካ ምላሱ የእኔ ኖሯል፤ ፊቴ ኖሯል የምትለካበት።
አንተ ክፉ ሽማግሌ! ያን ሁሉ ዓመት ወንፊት ሳጥብ፣
አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ይቀርብህ ነበር?
ወይስ ካወቀችማ ፊቷ ይዋሻል ብለህ ይሆን የያዝከው ምስጢር?

ዛሬ ዐሥራ አንደኛ ቀኑ ነው፤ ሻማው ቆመ፣ አልጠፋም፤
ቱዶሴም ብርጭቆ ይዞ ከአጥሩ አልጠፋም።
የመላጫ መስታወትህን ከበርሜሉ በላይ በምስማር ሰቀልኩ፣
ማንኪያዬን ነከርኩ፣ ላስኩ፣
ቀና አልኩ።
ገና ጉሽ ነው። ግራ ቅንድቤ ትንሽ ተቋጠረ።
እርሳሱን በምራቄ አረጠብኩ፣
ከመጨረሻው መስመርህ ሥር
«ነገ» ብዬ ጻፍኩ።